ከመርዶው የቀደመው ዜና

ዜናው ሲነበብ አንድ ደቂቃ አይሞላም ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያነበበችው ባልደረባዬ ነች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሐዋሳ ይመጣ የነበረ ሚኒባስ ከከተማዋ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ተገልብጦ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከፖሊሶቹ ቀጥሎ ቦታው ላይ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። እንደ ልማዴ ሰዓቱን፣ የመንገዱን ሁኔታ፣ የጎማውን ምልክትና የተጎጂዎቹን ቁጥር ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩ። የሟቾችን ስም አልጻፍኩም። ቤተሰብ ሳያውቅ የሟች ስም አይነገርም የሚል ደንብ አለን፤ በሬዲዮ ሥራ ባሳለፍኳቸው ሃያ ዓመታት አንድም ቀን ጥሼው አላውቅም።

ከመንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ግን አንድ የእጅ ስፌት መኪና ተቀምጦ አየሁ። በቢጫ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል፤ አንዱ ጫፍ ተገልጦ መዘውሩ ይታያል። መስታወት በረገፈበት፣ ጫማ በተበታተነበት ሜዳ እሱ ብቻ ጭረት አልነካውም። እጁ በጨርቅ የታሰረ አንድ ተሳፋሪ ወደ መኪናው ስመለከት አይቶኝ፣ «የመምህርቷ ነው። ከሞቱት የአንዷ። የተበላሸውን ለእናቷ አሠርታ እየወሰደችላት ነበር፤ መንገድ ላይ ስታወራን ነበር» አለኝ።

ይህንንም ጻፍኩ። የዜናው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር እንዲህ የሚል ሆነ፦ «ከሟቾቹ አንዷ የሆነችው መምህርት ለእናቷ አሠርታ ትወስደው የነበረው፣ በቢጫ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ የእጅ ስፌት መኪና ምንም ጉዳት ሳይደርስበት ከመንገዱ ዳር ተገኝቷል።»

በስልክ ያስተላለፍኩለት አዘጋጅ ጽፎ ሲጨርስ፣ «ይሄን የመጨረሻውን እንዳትነካው። ዜና ማለት ይሄ ነው» አለኝ።

በሰባት ሰዓት ዜናው ሲነበብ ከተማ ደርሼ ባህል አዳራሽ አካባቢ ምሳ እየበላሁ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ከገበታው ሳያነሱ አዳመጡ። አስተናጋጇ ጠርሙስ እንደያዘች ቆመችና «ወይኔ እናቷን!» አለች። ዓረፍተ ነገሩ እንደሠራ አወቅሁ። እጄን ታጥቤ፣ ረክቼ ወጣሁ።

ወደ ማታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ታቦር ሰፈር ወዳለው ቤቴ ዳገቱን ስወጣ ከእኔ ቤት አራት በር ከፍ ብሎ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። የጨርቅ ነጋዴዋ ቤት ነው። በረንዳው ላይ፣ ለቅሶ ሊደርሱ የገቡ ሰዎች ካወለቁት ጫማ አጠገብ፣ ቢጫው ብርድ ልብስ ተቀምጧል። ሲባጎው አልተፈታም።

የሟቿን ፊት ቦታው ላይ አላየሁም፤ የተሸፈነ ገልጦ ማየት ልማዴ አይደለም። ባየውም መለየቴን እንጃ። ልጅ ሆና ነበር የማውቃት፤ ከዚያ ተማረች፣ ተመረቀች፣ ለማስተማር ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። እናቷ ከቡታጅራ በኩል በሙሽርነት መጥተው፣ ሐዋሳ ላይ ባል ቀብረው፣ ገበያ ውስጥ ባለች ጠባብ ሱቅ ያቺን አንድ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ እድር የሚቀባበርበት ነው። እሳቸው ከእድሩ መሥራቾች አንዷ ነበሩ።

ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ መሃል ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ሴቶች በሹክሹክታ ያወራሉ።

«በሬዲዮ ነው የሰሙት አሉ።»

«ምን?»

«በሬዲዮ! ሱቃቸው ቁጭ ብለው ጨርቅ እየቆረጡ። መኪናውን ለጥገና ሲልኩ ብርድ ልብሱን በገዛ እጃቸው ነው የጠቀለሉት እኮ። መቀሱን እንደያዙ ወጡ አሉ።»

«የትኛው የማያፍር ነው ይሄን የለፈለፈው?»

የተሰጠኝን ውሃ ጠጣሁ።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሰው አይነገረውም፤ ይዘጋጅለታል። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይጠራል፣ የሚደግፍ ክንድ ከግራም ከቀኝም ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው ቃሉ የሚወጣው። እኔ ይህን ሥርዓት አልወድም ነበር። ምክንያት ነበረኝ። ኮሌጅ ሳለሁ አባቴ ሞተ፤ ፈተና እስክጨርስ ተብሎ ሁለት ወር ተደበቀብኝ። ለእሱ የገዛሁትን ሹራብ በብብቴ ይዤ ከአውቶቡስ ስወርድ፣ ከግቢያችን በር ጀምሮ ሰዎች ቆመው ጠበቁኝ። ሁለት ወር ሙሉ ለሙት ሰው ደብዳቤ ስጽፍ ማንም አልከለከለኝም። ያን ቀን እውነትን የሚያቆይ ሁሉ ውሸታም ነው ብዬ ደመደምኩ። ጋዜጠኛ የሆንኩትም በከፊል ለዚያ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለራሴ መከላከያ ነበረኝ። ስም አልጠራሁም። የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር። ደንብም አልጣስኩም። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነገርኩት። ግን ደንቡን የጻፉት ሰዎች ሰው የሚታወቀው በስሙ ብቻ ይመስላቸው ነበር። እናት ልጇን የምታውቀው በብርድ ልብስም ነው።

ለቅሶው ከተበተነ በኋላ ሴትዮዋ የእድር ደብተራቸውን በሰው እጅ ለእድሩ ዳኛ መልሰው ላኩ። ከእንግዲህ አልቀብርም፣ አልቀበርም አሉ። ሽማግሌ ተላከ፤ በር አልከፈቱም። የአጥር ጎረቤታቸው የነበሩት ክርስቲያን አሮጊት፣ ሠላሳ ዓመት በአጥሩ ቀዳዳ ቡና ጠጡ ሲሏቸው የኖሩት፣ እንኳ ደጅ ቆመው ተመለሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ እኚያ አሮጊት ሲሞቱ ድንኳኑ የተተከለው በሁለቱ ግቢ መሃል ባለው አጥር ሥር ነበር። ሴትዮዋ ያን ቀንም ሱቃቸውን ከፍተው ዋሉ። ሰፈሩ ተቀየማቸው። «ሐዘን ልባቸውን አደረቀው» ተባለ። እኔም እንደዚያ አልኩ። የእሳቸው የግል ጉዳይ ነው፤ አንዳንዱ ሰው በሐዘን ይሰበራል፤ እሳቸው ተሰበሩ። እንዲህ አድርጌ አስቀመጥኩት።

ግን የተቀመጠበት አልቆየልኝም። በሱቃቸው በኩል ሳልፍ ሬዲዮው የነበረበት መደርደሪያ ባዶውን ይታየኛል፤ ጨርቅ እንኳ አልደረደሩበትም። ባጃጅ ውስጥ የሰባት ሰዓት ዜና ሲጀምር የዚያች ባልደረባዬ ድምፅ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የሚደግም ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ከጣቢያው ከለቀቀች ቆይታለች። ሌላ ሰው ሌላ ዜና እያነበበ እኔ የራሴን እሰማለሁ። ቢጫ ነገር የያዘ ሰው ዳገቱን ሲወጣ ካየሁ ማን እንደሆነ ሳላረጋግጥ ቤቴ አልገባም ነበር። ለማንም አልነገርኩም። ሥራዬን በሰዓቱ አስረክባለሁ፣ ደንቡን አከብራለሁ፣ ለሴትዮዋ ሰላምታ እሰጣለሁ፤ እሳቸውም «ደህና» ይሉኛል።

ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ በሰፈሩ ወሬ ተሰማ፤ ሴትዮዋ ሱቁን ለቀው፣ ቤቱን አከራይተው፣ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ለብቻቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ሊገቡ ነው። እዚያ የቀረ ወንድም የላቸውም፤ የወንድም ልጅ አለ፣ እሱም ሻሸመኔ ነው። «ታዲያ ምን ሊያደርጉ ይሄዳሉ?» ስላቸው፣ ገበያ ውስጥ ከአጠገባቸው የሚሸጡት ሽማግሌ፣ «እዚህም ሰው የለኝም ነው የሚሉት» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን እኔ ተማሪ ነበርኩ። መሥሪያ ቤታችን ዲግሪ የሌለው ዲግሪ ያምጣ ስላለ፣ በዩኒቨርሲቲው የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ተመዝግቤ ሶሺዮሎጂ እማራለሁ። ሰዓቱ ስለተመቸኝ ነው የመረጥኩት እንጂ ስለ ትምህርቱ የማውቀው አልነበረም። መምህሯ ከእኔ በብዙ የምታንስ፣ አጭር፣ ፈጣን ተናጋሪ ነበረች። የመጀመሪያ ሥራችን ይህ ነበር፦ በእናንተ ላይ ብቻ የደረሰ የሚመስላችሁን አንድ ነገር ምረጡ፤ ከዚያ ስለዚያው ነገር አሥር ሰው ጠይቁ።

የአባቴን መርዶ መረጥኩ። ለአሥር ሰው አንድ ጥያቄ ያዝኩ፤ «የቅርብ ሰው ሞት የሰማኸው እንዴት ነው?» ጥያቄ መጠየቅ ሥራዬ ነው። በግቢው ዛፎች ሥር ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እያስቀመጥኩ ጻፍኩ። ከጎንደር የመጣው፣ ሰዎች ንጋት ላይ ተሰልፈው ሲገቡ ቆጥሮ ነው ያወቀው፤ ስድስተኛው ሰው ሲገባ ማልቀስ ጀመረ። ከጅማ የመጣችው፣ እናትሽ ትንሽ አሟታል ተብላ ተሳፍራ ስትደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። አንድ የወላይታ ልጅ ፈገግ እያለ ነገረኝ፦

«አጎቴ መጣ፣ ጋሼ። ምሳ ጋበዘኝ። ክትፎ! በሕይወቱ ሻይ ጋብዞኝ አያውቅም። ክትፎው ሲመጣ፣ ‹ማነው የሞተው?› አልኩት።»

ከሁሉም የቆየብኝ ግን የአንድ ሲዳማ ወጣት ታሪክ ነው። ወንድሙ ሲሞት ፌስቡክ ላይ ፎቶው ከነሻማው ወጥቶ ነበር። የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ አስቀድመው አይተው ስልኩን ሰረቁት። ሌባ ገባ ብለው አብረውት ፈለጉ፤ አንዱ እንዲያውም አልጋ ሥር ገብቶ ፈለገ። አዛውንቶቹ ከገጠር እስኪደርሱ ሁለት ቀን እንደ ሌባ ጠበቁት። «ያን ጊዜ ልገድላቸው ነበር» አለኝ። «አሁን ሳስበው፣ ሌባ የሆኑልኝ እነሱ ብቻ ናቸው።»

አሥሩንም ጻፍኩ። የተታለለው ሁሉም ነበር። አንዳንዱ እንደ እኔ ተቆጥቷል፣ አንዳንዱ አመስግኗል፣ ብዙው ሁለቱንም ነው። ሠላሳ ዓመት የእኔ ብቻ ብዬ የያዝኩት ቂም ከየአቅጣጫው በመጣ ሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ ተገኘ።

መምህሯ ጽሑፌን አንብባ ስትመልስልኝ ተማሪዎቹ ከክፍል እየወጡ ነበር። «እርስዎ ጎበዝ ጠያቂ ነዎት» አለችኝ። «ግን የጠየቁት የተነገራቸውን ብቻ ነው። ሁልጊዜ ተጎጂውን ነው የምታናግሩት እናንተ ጋዜጠኞች?»

«ሌላ ማንን ልጠይቅ?»

«ነጋሪዎቹን። ለምንድነው የሚዋሹት? ሲዋሹ ምን እየሠሩ ነው? አንድ ነገር እርስዎ ላይ ብቻ ከደረሰ ዕጣዬ ነው ይላሉ። ክፍሉ ውስጥ ባለው ሁሉ ላይ ከደረሰ ግን ሰው የሠራው ነው። የሠራውን ሰው ሄደው ያናግሩ።»

በሚቀጥለው እሑድ ከትምህርት መልስ ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት ናቸው። ግቢው ውስጥ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ የተቀደደ ድንኳን በወፍራም መርፌ ይሰፋል። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ማለዳ እየዞረ የሚያስታውቀው እሱ ነው፤ ደረቅ ቀልደኛ፣ የእኔ እኩያ።

«ለትምህርት ነው» አልኳቸው። «መርዶ እንዴት እንደምትነግሩ ልጠይቃችሁ።»

«በዚህ ዕድሜህ?» አለ ጥሩምባ ነፊው። «ስትጨርስ ምን ልትሆን ነው? የእኔን ሥራ ልትቀማኝ?»

ዳኛው ብዙ ነገር አስረዱኝ፤ ማን እንደሚመረጥ፣ የልብ ሕመም ያለበት እንዴት እንደሚነገረው። እየጻፍኩ ሳለ እጄ ቆመና፣ ልጠይቀው ያላሰብኩትን ጠየቅሁ።

«የጨርቅ ነጋዴዋ ልጅ የሞተች ቀን ማን ነበር ሊነግር የተመደበው?»

ዳኛውና ጥሩምባ ነፊው ተያዩ።

«ዘጠኝ ነበርን» አሉ ዳኛው። «አምስት ሰዓት ላይ ተደወለልን። ቀብሩ በዕለቱ መሆን ስላለበት ጊዜ የለም። ከዙህር ሶላት በኋላ መስጊዱ ግቢ ተሰበሰብን። የአጥር ጎረቤታቸውን አሮጊቷንም ይዘናቸው መጣን፤ እሳቸው እንዲያቅፏቸው። የቀረን የወንድማቸው ልጅ ነበር፤ ዘመድ ሳይኖር ለሴት አይነገርም። ከሻሸመኔ እየመጣ ነው። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሰ።»

«ዜናው በሰባት ሰዓት ነበር» አልኩ።

«በሰባት ሰዓት ነበር» አሉ።

«ገበያው ግን ያውቅ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እሳቸው ሲወጡ ማንም አልደነገጠም አሉ...»

«እኛ ነን የነገርነው!» አለ ጥሩምባ ነፊው መርፌውን ሸራው ላይ ሰክቶ። «እያንዳንዱን ባለ ሱቅ። ወሬኛ እንዳይደርስባቸው ጠብቁ ብለን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ገበያው በሙሉ ዘበኛ ሆኖላቸው ዋለ። ሬዲዮውን ማጥፋት ግን ማንም አላሰበም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሳቸው መቀስ ይዘው ከሱቃቸው ሲወጡ፣ ዙሪያውን ያለ ሰው ሁሉ ሲያያቸው፣ አንድም ፊት ላይ ድንጋጤ አላዩም። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብረው የሸጡ፣ የቀበሩ፣ የዳሩ ሰዎች ልጄ መሞቷን እያወቁ ጨርቅ ስቆርጥ አዩኝ፤ ማንም አልመጣልኝም፤ የባዕድ ሰው ድምፅ ከሳጥን ውስጥ ነገረኝ። እሳቸው ያነበቡት ይህን ነው። እኛ «ሐዘን አደረቃቸው» ያልነው ሐዘን አልነበረም፤ ፍርድ ነበር። ፍርዱም እዚያ ባልነበረ ሰው ጥፋት፣ ለእሳቸው በቆሙ ሰዎች ላይ የተፈረደ ነው።

«ዜናውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ጥሩምባ ነፊው ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«እናውቃለን እኮ። ይሄ ሰፈር አንተን የማያውቅ መሰለህ?» አለኝ። «እኔ የአራተኛ ክፍል ትምህርት ነው ያለኝ። ግን ጥሩምባዬን ከማንሳቴ በፊት የሟቹ ቤት ሄጄ፣ ‹ተነግሯል ወይ?› ብዬ ጠይቄ ነው የምነፋው። አንተ ማንን ጠይቀህ ነፋህ?»

በማግስቱ ሰኞ ለዋና አዘጋጁ አንድ ገጽ ጻፍኩ። የሞት ዜና ስም ባይኖረውም ሟቹን ለቤተሰቡ የሚያሳውቅ ልብስ፣ ዕቃ፣ ሥራ ወይም ሰፈር እንዳይጠቀስ፤ ዘጋቢው ከማስተላለፉ በፊት ለፖሊስ ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ እድር ደውሎ «ተነግሯል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ። አዘጋጁ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ አነበበው።

«ፌስቡክ እኮ ማንንም አይጠይቅም» አለኝ። «እኛ እድር ስናፈላልግ ቴሌግራሙ ከነፎቶው ለቆታል።»

«ይልቀቀው። የእኛን ሬዲዮ ሱቃቸው ውስጥ የሚከፍቱት ግን አምነውን ነው።»

ሁለት ስብሰባ ፈጀ፤ ከዚያ ጸደቀ። ለሁለት እድሮች ስንደውል ሳቁብን፤ ሦስተኛው እስካሁን ለምን አልደወላችሁም አለን። ውጤቱን ለመምህሯ ጨምሬ ጻፍኩላት፤ ጥሩ ነጥብ ሰጠችኝ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር። ጥሩምባ ነፊውን መንገድ ላይ ሳገኘው ደንቡን ነገርኩት።

«ጥሩ ነው» አለ። «ገና ለሚሞቱት ሕግ አወጣህ። እሳቸውስ? ሐሙስ ሱቁን ሊያስረክቡ ነው።»

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ሄድኩ። መደርደሪያዎቹ ግማሹ ባዶ ነው። አንድ አናጢ መሰላል ላይ ቆሞ የላይኛውን ጣውላ ብሎን ይፈታል። ሴትዮዋ ወለሉ ላይ የቀሩ ጥቅል ጨርቆችን ያስራሉ።

«እትዬ፣ ልቀመጥ?»

«ጋዜጠኛው! ለመጋረጃ ነው ለአልጋ? ቶሎ በል፣ ያለቀለት ሱቅ ነው።»

«ልነግርዎት የመጣሁት ነገር አለ።»

እጃቸው ላይ ያለውን ሲባጎ ለቀቁ። ፊታቸው ተለወጠ። እንደዚያ ብሎ የሚጀምር ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። «ሻሸመኔ ነው?» አሉ ቀስ ብለው። የወንድማቸውን ልጅ ማለታቸው ነው። አሁንም ሳላስብ ጀመርኩ፤ አሁንም ያው ስህተት።

«ደህና ነው፤ ማንም አልሞተም» አልኩ በጥድፊያ። «የድሮ ነገር ነው። የዚያን ቀኑን ዜና የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አናጢው ብሎን መፍታቱን አቆመ። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ።

«ስለ ስፌት መኪናው?»

«ስለ ስፌት መኪናው።»

«ለምን ጨመርከው? ሰው ሞተ ብለህ አትተወውም?»

ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ፖሊስ፣ ደንብ፣ ስም አለመጥራት። ሁሉም እውነት ነው። «ጥሩ መሰለኝ» አልኩ። «ያማረ ዝርዝር መሰለኝ።»

«ያማረ!» አሉ። ቃሉን አንድ ጊዜ ብቻ ደገሙት፤ አሁንም ይሰማኛል።

ከዚያ የቀረውን ነገርኳቸው። በአምስት ሰዓት ማን እንደተደወለለት፣ መስጊዱ ግቢ እነማን እንደተቀመጡ፣ ማንን ሲጠብቁ እንደነበር፣ ገበያው ለምን እንደዚያ አያቸው። እንደ ዘገባ ነገርኳቸው፤ ሌላ አነጋገር አላውቅም። አላቋረጡኝም። መጨረሻ ላይ፣ «ዘጠኙ እነማን ነበሩ?» አሉኝ።

ማስታወሻዬን አውጥቼ ዳኛው የነገሩኝን ስሞች አነበብኩ። በእያንዳንዱ ስም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የአጥር ጎረቤታቸው የአሮጊቷ ስም አምስተኛ ላይ ነበር። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«እሷም ነበረች?»

«እርስዎን እንዲያቅፉ ነበር የመጡት። መስጊዱ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ።»

«ደጄን ስታንኳኳ አልከፈትኩላትም» አሉ። «ስትሞት እዚሁ ቁጭ ብዬ ስሸጥ ዋልኩ። ከአጥሬ ሥር ስትለቀስ።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ገና ከመጀመሬ፣ «ተወው» አሉኝ። «ያንተን ኋላ። እኔ መጀመሪያ የራሴ አለኝ።» ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሡ። ወደ መሰላሉ ቀና ብለው አናጢውን፣ «አንተ፣ ውረድ። መደርደሪያውን ወደነበረበት መልሰው፤ ለሱቁ ተከራይ ሐሙስ እንዳይመጣ እኔ እደውልለታለሁ» አሉት።

«እትዬ፣ ስምንቱን ብሎን ፈትቼ ጨርሼ?»

«ስምንቱን መልሰህ እሰር። ያበሳጨህ ይኼ ጋዜጠኛ ነው፤ እሱን ተቆጣ።»

በባጃጅ ወደ ታቦር ወጣን። በቤታቸው በር አልፈው፣ ቀጥሎ ያለውን የአሮጊቷን በር አንኳኩ። አሁን የምትኖርበት የአሮጊቷ ልጅ ናት። ልከተላቸው የዞርኩ መስሏቸው እጃቸውን ደረቴ ላይ አድርገው አቆሙኝ።

«አንተ እዚህ። ውስጥ ወሬ የለም።»

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ማን እንደቆመ ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ገቡ። ትንሽ ቆይቶ የለቅሶ ድምፅ ተሰማ፤ መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት። ለማን እንደሚለቀስ ከደጅ ሆኖ መለየት አይቻልም ነበር።

በየበሩ ሰው ብቅ ማለት ጀመረ። ነጠላቸውን እየደረቡ ሁለት ሴቶች መጡ፤ ከዳገቱ በታች ጥሩምባ ነፊው ራሱ በፍጥነት ይወጣል። እኔ ካለሁ የማውቀው ነገር እንዳለ ያውቃሉ፤ ከበቡኝ።

«ምንድነው? ማን ሞተ?»

ሙሉ ታሪኩ እጄ ላይ ነበር፤ ሰዓቱ፣ ስሞቹ፣ ምክንያቱ።

«ግቡና ከእሳቸው ስሙት» አልኳቸውና ከበሩ ገለል አልኩላቸው።